ዘላለማዊው እንግዳ መኪና ምስጋና ይድረሰው

ከሶማሌላንድ ጋር ከምታዋስነን የድንበር ከተማ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ጅግጅጋ ባለው መንገድ የጎረቤት አገር ታርጋ ለጥፈው የሚመላለሱ ባለመኪኖች እስከ ዛሬ አንድም ሜዳሊያ ሳይሸለሙ መቅረታቸው ያሳዝናል። በበርበራ ወደብ ወርዶ «ለጥቂት ቀን ዘመድ ልጠይቅ» በሚል ሰበብ ቀረጥ ሳይከፍል ድንበር የተሻገረ መኪና ልጆች ትምህርት ቤት ሲያመላልስ፣ ሙሽራ ሲያጅብ፣ ተሸጦ ተለውጦም በሦስተኛ ባለቤት እጅ ሲያረጅ እንግዳነቱን አይረሳም። ደላላውም ቢሆን ሐቀኛ ነው፤ «ታርጋው የዚያ ነው እንጂ መኪናውስ ንጹሕ ነው» ብሎ ይምላል።

የመሪው ነገር ለብቻው ውዳሴ ይገባዋል። በሶማሌላንድም ሆነ በእኛ ዘንድ የሚነዳው ቀኝ ይዞ ነው፤ ከጃፓን በዱባይ በኩል የሚመጣው አሮጌ ቶዮታ ግን መሪውም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የጭነት መኪና ቀድሞ ማለፍ ሲያምረው ከፊት የሚመጣውን የሚያይለት በግራው የተቀመጠው ተሳፋሪ ሲሆን፣ እሱም አንገቱን አስግጎ «እለፍ!» ወይም «ቆይ፣ አይሱዙ እየመጣ ነው» ይላል። አገር የሚመኘው ምክክር በተግባር የሚታየው እዚህ ነው። ፈታሹም እንደ ልማዱ ወደ ግራው በር ቀርቦ ሊብሬ ሲጠይቅ ዘንቢላቸውን ካቀፉ እናት ጋር ይፋጠጣል፤ በሞተሩ በኩል ዞሮ እስኪመጣ ድረስ ሾፌሩ መልሱን አሰናድቶ ይጠብቀዋል።

«ለምን ቀረጡን ከፍሎ አያስመዘግበውም?» የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና እንደማይመዘገብ እንርሳውና ይከፈል ብንል እንኳ፣ ኤክሳይዙ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ታክስ) ዋጋውና የጉምሩክ ቀረጡ ተደምረው በእነሱ ላይ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚታከለው ታክስ) ደግሞ ከሁሉም በላይ እየተደራረቡ ይሰላሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ለአሮጌ መኪና የሚጠየቀው ኤክሳይዝ ብቻ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሹን ተከለከለ። መንግሥት በሩን በሦስት ቁልፍ ሲቆልፍ አጥሩን ማጠሩ ግን ከነውር ተቆጥሮበት ይመስላል፣ እንዳለ ትቶታል።

ክልከላውን እንደ ባለመኪናው በደስታ የተቀበለ ዜጋ የለም። ትናንት «ቀረጡ ስለከበደኝ ነው» እያለ አንገቱን ይደፋ የነበረው ሰው፣ ዛሬ «ልክፈል ብል ማን ይቀበለኛል?» እያለ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ሕግ አክባሪ ሆኗል።

ይህ መኪና ሰው የገጨ ዕለት የሦስተኛ ወገን መድን የለውም፤ ታርጋው በሁለት ብሎን የታሰረ ስለሆነ በደቂቃ ይወልቃል። ነገሩ በሽማግሌ ይያዛል፤ ሽማግሌዎቹም ከየመንደሩ ተሰብስበው ወደ ለቅሶው ቤት የሚመጡት መሪው በቀኝ በሆነ፣ የዚያኛውን አገር ታርጋ በለጠፈ መኪና ነው።