እርማት፦ ቴፍሎን የቢራ ኬግን (የብረት በርሜልን) የጋዝ ፍሳሽ አያቆምም
ወንድሜ፣ ለደብረ ማርቆሱ ጠማቂ «የቢራ ኬግህ ጋዝ ካፈሰሰ የመውጫውን ጥርስ ቴፍሎን ጠቅልለህ አጥብቀው» ያልከው ልክ አይደለም። ለውሃ ቧንቧ ስለሚሠራ ብዙ ሰው እንዲሁ ያምናል። በኮርኒሊየስ ኬግ (የቤት ጠማቂዎች በሚጠቀሙበት ባለ ክዳን የኬግ ዓይነት) ግን ጥርሱ መያዣ ብቻ ነው፤ ጋዙን የሚያግደው የጎማው ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የቱንም ያህል ብታጠብቀው ማፍሰሱ አይቀርም። ከጮቄ ሥር በበቀለ ገብስ የተጠመቀ ቢራ በአንዲት ቀለበት ሲበላሽ ያንገበግበኛል! የሳሙና አረፋ ቀባና አረፋው የሚኮለኮልበትን ቀለበት ቀይር።

ክዳኑም እንደ ጠላ ጋን ከውጭ ተመርጎ አይዘጋም፤ ከአፉ ጋር የሚያጣብቀው ከውስጥ የሚገፋው ጋዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 2 ባር ያህል የጋዝ ግፊት ስጠው፤ ክዳኑ ሲይዝ ግፊቱን ዝቅ አድርግ። መውጫውን ከመፍታትህ በፊት ግን ጋዙን ሙሉ በሙሉ አስተንፍስ።