የተበላሸ ኮፒ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን የተነሳ ክርክር ነው። መነሻው ለውዝ ነበር። አንዱ ከመንገድ የገዛውን ለውዝ ጨርሶ መጠቅለያውን ሲዘረጋው የሰው ፋይዳ መታወቂያ ኮፒ ሆኖ አገኘው። ፊቱ ግማሹ ጠቁሯል፣ ስሙና ቁጥሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ይሄ እኮ በሕግ ያስጠይቃል» አለች ሕግ የምትማረዋ ልጅ።

በዕድሜ የሚበልጡን ሰውዬ ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ! እኛ ማን ከማን እንደባበቃለን? እዚህ ሰፈር የማንን ዘር ብትጠይቂኝ እስከ ሰባት ቤት እቆጥርልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎን የሚያውቅ ጎረቤትና በእርስዎ ስም ሲም ካርድ ሊያወጣ የሚፈልግ ሰው አንድ ናቸው እንዴ?» አለቻቸው። ከዚያ ሕጉን ዘረዘረችው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደግሞ ስለ ግላዊነት ነው። አሁን በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደፈለገው ይናገር፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይውሰድ፣ ለሌላ ጉዳይ አያውለው ይላል። ባለቤቱም ይታረምልኝ፣ ይሰረዝልኝ ማለት ይችላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይሄን ጊዜ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ተቆጣ። «ማሽኑ ወረቀት ይይዛል፣ የተበላሸውን አውጥቼ ጥግ ላይ እጥላለሁ፣ ማታ ለውዝ ሻጮች ይወስዱታል። ምን ላድርግ? ሰዉ ኮፒ አምጣ እየተባለ ነው እኔ ጋ የሚሮጠው። ፋይዳ በስልክ በሚላክ ኮድ ይረጋገጣል አይደል የሚባለው? ታዲያ ኮፒው ለምን?»

ኮምቦልቻ የምትነግደው እህታችን ደግሞ ሌላ ነገር አነሳች። «ቢሮ ስሄድ መረጃሽን ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ ብለሽ ፈርሚ ይሉኛል። ካልፈረምኩ ጉዳዬ አያልቅም። ታዲያ ምኑ ነው ፈቃድ?» ማንም አልመለሰላትም።

እኔ የጋሼን ሐሳብ አልቀበልም። ጎረቤት ቢያውቀን እኛም እናውቀዋለን፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ጠባዩን። ኮፒያችንን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውን ሰው ግን አናውቀውም፣ ነገ ለማን እንደሚሰጠውም አይነግረንም። ወሎዬ ደጁ ለእንግዳ ክፍት ነው ማለት ማንም ገብቶ ሳጥኑን ይበርብር ማለት አይደለም።

የኮፒ ቤቱ ልጅ ግን ግማሽ እውነት አለው። የተበላሸውን ቀዶ መጣል የእሱ ሥራ ነው፣ ሰበብ የለውም። ዋናው ጥፋት ግን ያለው በቁጥር አጣርቶ መሸኘት ሲችል በየጉዳዩ ኮፒ የሚያስከምረው ቢሮ ላይ ነው። ሕጉም ግዴታውን የጣለው ሰብሳቢው ላይ እንጂ ሰልፍ የቆመችው እናት ላይ አይደለም። የነጋዴዋ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይከብደኛል። እምቢ ማለት የማይቻልበትን ፊርማ ፈቃድ ብሎ መቁጠር ይቅር። ለአገልግሎቱ የግድ የሚያስፈልገው መረጃ ተለይቶ መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፣ ከዚያ ያለፈውን አልሰጥም ያለ ሰው ጉዳዩ ሳይጓተት ይለቅ። ቅሬታ የት እንደሚቀርብም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከወረኢሉ የመጣች ሴት ለዚህ ብላ ጠበቃ ልትፈልግ አይገባም።