አዞውን ስንቆጥር አሸዋውንም እንለካ

እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይዛ ታያቸው ነበር። ከዚያ 21 ቀን ትቆጥራለች። ጫጩቶቹ ሲወጡ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሁሌም አንድ ነው፦ «ስንቱ ሴት ይሆን?» መልሱ ግን እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። ዶሮዋ የታቀፈችበት ሙቀት ቢበዛ ወይም ቢያንስ ጫጩቱ ይሞታል ወይም ይደክማል እንጂ ሴቷ ወንድ አትሆንም።

የአዞ እንቁላል ግን እንዲህ አይደለም። እናቲቱ ጫሞ ሐይቅ ዳር አሸዋ ቆፍራ ስትጥለው ገና ወንድም ሴትም አይደለም። ጾታውን የሚወስነው የተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል አንድ ጉድጓድ ሙሉ ጫጩት ሁሉም ሴት፣ ወይም ሁሉም ወንድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ያለኝ አመለካከት ተቀይሯል። እኛ የምንቆጥረው የሚታየውን ነው። በጀልባ ሄደን ኩልፎ ወንዝ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ፣ «አዞ ገበያ» በሚባለው ቦታ፣ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁትን ግዙፍ አዞዎች እናያለን። ፎቶ እናነሳለን። «ብዙ ናቸው፣ ደህና ናቸው» ብለን እንመለሳለን። የሚቀጥለው ትውልድ ግን እየተወሰነ ያለው እዚያ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከአሸዋ በታች ነው። እሱን የሚያይ ጎብኚ የለም።

ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ማድሊን ሻርኒዬ የምትባል ተመራማሪ ዳካር፣ ሴኔጋል ውስጥ በአንድ የእንሽላሊት ዝርያ ላይ የእንቁላሉ ሙቀት ሲቀየር የጫጩቶቹ ጾታም እንደሚቀየር አሳየች። ያን ጊዜ ጉዳዬ ያለው ሰው ብዙ አልነበረም። በኋላ በኤሊዎች፣ በአዞዎችና በሌሎች ብዙ ዝርያዎች ላይ ያው ነገር እየተገኘ ሲሄድ ሳይንሱ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጫጩቱ በእንቁላሉ ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ መካከለኛው ሲሶ ወሳኝ ነው። በዚያ ወቅት የጾታ ዕጢው ገና ወዴት እንደሚያድግ አልወሰነም። በብዙ ኤሊዎች ላይ ሙቀት ሲጨምር አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይበዛል። ይህ ኢንዛይም የወንዴውን ሆርሞን ወደ ሴቴው ሆርሞን፣ ወደ ኢስትሮጅን፣ ይቀይራል፤ ዕጢውም የእንቁላል ዕጢ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች በአንድ የንጹህ ውሃ ኤሊ ላይ፣ ቀዝቀዝ ሲል የሚነቃና ሽሉን ወደ ወንድነት የሚመራ ጂን አገኙ። ጂኑን ዝም ሲያሰኙት፣ ወንድ በሚያደርግ ሙቀት ውስጥ የነበሩት ሽሎች አብዛኞቹ ወደ ሴትነት ዞሩ።

ሁሉም ዝርያ ግን አንድ ዓይነት ሕግ የለውም። ለባህር ኤሊ ሙቀት ማለት ሴት ነው። እንሽላሊት ለሚመስለው ለኒውዚላንዱ ቱዋታራ ግን ሙቀት ማለት ወንድ ነው። አዞ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ለናይል አዞ፣ ማለትም ለእኛው አዞ፣ 31 ዲግሪና ከዚያ በታች ሴት ይወጣል። ከ32 እስከ 34 ባለው መካከል ወንዱ ይበዛል። ከዚያ በላይ ሲግል ሴቷ እንደገና ትመጣለች። ስለዚህ «የዓለም ሙቀት ሲጨምር አዞው እንዲህ ይሆናል» ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። ጉድጓዱ ዛሬ ስንት ዲግሪ ላይ ነው? መጀመሪያ እሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሙቀቱ የሚወስነው ደግሞ ጾታን ብቻ አይደለም። በልኩ ቀዝቀዝ ባለ አሸዋ ውስጥ የቆየ የባህር ኤሊ ጫጩት ለመፈልፈል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከአስኳሉ አብዛኛውን ወደ ሰውነት ለውጦ ተለቅ ብሎ ይወጣል። በጣም የጋለው ቶሎ ይፈለፈላል፤ ግን አነስ ይላል፣ በጀርባው ሲወድቅ ለመገልበጥ ይቸገራል፣ ወደ ባህሩም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በአሸዋው ላይ ደግሞ ሸርጣንና ወፍ ይጠብቁታል። እዚያ የሚባክን እያንዳንዱ ሰከንድ ዋጋ ያስከፍላል።

ሙቀት ሁሌ ጠላት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በአውስትራሊያ ቀዝቃዛ ተራሮች በሚኖር አንድ ትንሽ እንሽላሊት ላይ በተሠራ ጥናት፣ ሞቅ ባለ ቦታ የተፈለፈሉት ልጆች መደበቂያቸውን ፈልጎ በማግኘት የተሻለ ተምረዋል። ሙቀት በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፣ ሲያልፍ ይጎዳል። ልኩ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። በአውስትራሊያ፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ በሚባለው የኮራል ድንጋይ ሰንሰለት ሰሜናዊ ክፍል ሬይን ደሴት አለች። በዓለም ላይ ትልቁ የአረንጓዴ ባህር ኤሊ መራቢያ አካባቢ እሱ ነው። ከ200,000 በላይ እናት ኤሊዎች ያሉበት ሕዝብ ነው። ያን ያየ ሰው «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በዕድሜ ከፋፍሎ ሲያያቸው ከትልልቆቹ ውስጥ ወደ 87 ከመቶ የሚጠጉት ሴት ሆነው ተገኙ። ከታዳጊዎቹ ደግሞ ከ99 ከመቶ በላይ። ቀዝቀዝ ካለው ደቡባዊ ዳርቻ የመጡት ግን ሴቶቹ ከ65 እስከ 69 ከመቶ ነበሩ።

ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ እዩት። ትልልቆቹ የሚነግሩን ከብዙ ዓመታት በፊት አሸዋው እንዴት እንደነበር ነው። አረንጓዴ ኤሊ ለአቅመ መራባት ለመድረስ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ስለዚህ ትልልቆቹን ብቻ የሚቆጥር ሰው የዛሬውን ችግር የሚያየው ከሃያ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ይባስ ብሎ ሴት ሲበዛ ለጥቂት ጊዜ የእንቁላል ጉድጓዱም ይበዛል። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ዜና መስሎ ይመጣል።

«እነዚህ እንስሳት ከዳይኖሰር ዘመን ጀምሮ አሉ፤ ስንት ሙቀትና ቅዝቃዜ አልፈዋል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነትነት አለው። አንድ ወንድ ኤሊ ብዙ ሴቶችን ማስረገዝ ስለሚችል ሴቶቹ በተወሰነ ደረጃ ቢበዙ ጉዳት የለውም። እናቶችም የሚጥሉበትን ወቅትና ቦታ ሊቀይሩ ይችላሉ። ግን ቦታ ለመቀየር መጀመሪያ ቦታ መኖር አለበት። ድሮ ጥላ የነበረው ዳርቻ ዛሬ ዛፉ ተቆርጧል። ድሮ ባዶ የነበረው አሸዋ ዛሬ ሆቴል፣ መንገድ ወይም እርሻ ሆኗል። ያኔ ለውጡን ለመልመድ ሺህ ዓመታት ነበራቸው። አሁን ያላቸው ጥቂት ትውልድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጫሞና አባያ የሚመጡት። በሁለቱ ሐይቆች ዙሪያ እርሻው ወደ ዳሩ እየተጠጋ፣ ከብቱና ዓሣ አጥማጁ እየበዛ መጥቷል። እናት አዞ እንቁላሏን የምትጥለው በበጋ፣ ከውሃው ራቅ ብላ፣ ጎርፍ በማይደርስበት አሸዋ ላይ ነው። ሦስት ወር ያህል ብዙም ሳትበላ አጠገቡ ትጠብቃለች። ገለል ካለች አርጃኖው ጉድጓዱን ይዘርፋል። ከምትመርጠው ዳርቻ ስትባረር የምታገኘው ሁለተኛ ቦታ የጋለ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የቀዘቀዘ። በዲግሪ ሁለት ብቻ ቢለይ እንኳ ልጆቿ ሌላ ናቸው።

በአሜሪካ ሉዊዚያና የአዞ ዘመድ የሆነውን አሊጌተር የሚያረቡ ሰዎች ይህን በተግባር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት በእነሱ አሊጌተር ላይ 30 ዲግሪ ሴት፣ 34 ዲግሪ ወንድ እንደሚያወጣ አሳይቷል። አርቢዎቹ ከረግረጉ እንቁላል ሰብስበው ይወስዳሉ፤ ካሳደጓቸውም የተወሰኑትን ወደ ዱሩ ይመልሳሉ። የመፈልፈያ ክፍሉ ሙቀት ወደ ረግረጉ የሚመለሰውን የወንድና የሴት ብዛት ይወስናል ማለት ነው። እኛም አርባ ምንጭ ላይ የአዞ እርባታ አለን። እዚያ የሚሠራ ሰው እጁ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ከቢላውና ከገበያው ያልተናነሰ ትልቅ ነገር ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዞ በሚቆጠርበት ሐይቅ ሁሉ የእንቁላል ጉድጓዱም ይቆጠር። ከጉድጓዶቹ በጥቂቶቹ ውስጥ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ይቀበር፤ መጠኑ ከሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ሦስት ወር ይቆይ፤ በየዓመቱም ይደገም። ለመትከል ጀልባ ነጂዎቹንና ዓሣ አጥማጆቹን ማሠልጠን ይቻላል። የትኛው ዳርቻ ላይ እንደምትጥል ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልኬቱ ከወጣ በኋላ የትኛው ጥላ መቆረጥ እንደሌለበትና የትኛው ዳርቻ በበጋ ለከብት መዘጋት እንዳለበት በግምት አንከራከርም።

ጊዜው ሲደርስ ጫጩቶቹ ከአሸዋው ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ። እናቲቱ ድምፁን ሰምታ ትቆፍራለች። ከዚያ በዚያ በሚያስፈራው አፏ ውስጥ ጫጩቶቿን በጥንቃቄ ይዛ ወደ ውሃው ትወስዳቸዋለች። በዚያ ቀን በአፏ ውስጥ ያሉት ስንቱ ወንድ፣ ስንቱ ሴት እንደሆኑ የተወሰነው ከሳምንታት በፊት ነው። እኛም ልናውቀው የምንችለው አሸዋውን ያኔ ከለካን ብቻ ነው።