በፈረንሳይ ምድር ነጠላና ሂጃብ

በፓሪስ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2024፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ኔዘርላንድስ የተሰደደችው ሲፋን ሐሰን ጠዋት የሴቶችን ማራቶን አሸነፈች፤ ማታ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ደግሞ ሂጃብ ለብሳ የወርቅ ሜዳሊያዋን ተቀበለች። ሁለተኛ የወጣችው ትግስት አሰፋም አብራት መድረኩ ላይ ስለነበረች፣ እዚህ ፈረንሳይ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በእጥፍ ደስ ብሎን ነበር የተመለከትነው። ይሁን እንጂ ያንን ልብስ በዚያው መድረክ ላይ ፈረንሳዊት አትሌት ልትለብሰው አትችልም ነበር። የአገሪቱ የስፖርት ሚኒስትር የፈረንሳይ ልዑካን ቡድን አባላት ሂጃብ እንደማይለብሱ አስቀድመው ስላሳወቁ፣ የዱላ ቅብብል ሯጯ ሱንካምባ ሲላ በመክፈቻው ዕለት ከጓደኞቿ ጋር ለመሰለፍ የቻለችው ፀጉሯን በኮፍያ ሸፍና ነው። ለእንግዳ የተፈቀደው ለአገሬው ልጅ ሲከለከል ማየቱ፣ ሕጉ ከወዴት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ መለስ ብዬ እንዳስብ አድርጎኛል።

የፈረንሳይ መንግሥት መከራከሪያ እ.ኤ.አ. በ1905 ሃይማኖትንና መንግሥትን ከለየው ሕግ ይነሣል። ሕጉ የተወለደው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ከተደረገ ረጅም ትግል እንጂ ሙስሊሞችን በማሰብ ስላልነበረ፣ ዛሬ በዚህ መርህ የሚያምነውን ፈረንሳዊ ሁሉ በጥላቻ መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም። አብረውኝ የሚሠሩ ብዙ ቅን ሰዎች ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ግፊት ነፃ የሆነ ቦታ መሆን አለበት ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ነገር ግን የሕጉ ረቂቅ በምክር ቤት ሲመከርበት አንድ እንደራሴ የካህናት ቀሚስ በአደባባይ እንዳይለበስ ይከልከል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። የረቂቁ ዋና አርቃቂ አሪስቲድ ብሪያን ተቃወሟቸው፤ ቀሚሱን ብንከለክል ካህናቱና ልብስ ሰፊዎቹ ተባብረው ቀሚስ ያልሆነ፣ ግን ካህኑን ከሌላው ሰው የሚለይ ሌላ ልብስ ወዲያው ያወጣሉ ብለው ተከራከሩ። ሐሳቡም በድምፅ ብልጫ ወደቀ።

ያ ጥበብ በኋላ የተዘነጋ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከፓሪስ በስተሰሜን በምትገኘው በክሬይ ከተማ ሦስት ልጃገረዶች ሻርፓችንን አናወልቅም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ሲባረሩ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሃይማኖታዊ ምልክት ማድረግ ብቻውን ከመርሁ ጋር እንደማይጋጭ ገልጾ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ግን በ2004 የወጣው ሕግ ጎላ ያለ ሃይማኖታዊ ምልክት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዳይደረግ አገደ። በ2010 ደግሞ ፊትን ሸፍኖ በአደባባይ መገኘት እስከ 150 ዩሮ የሚያስቀጣ ሆነ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2014 ይህን ሁለተኛውን ሕግ ቢያጸናውም፣ ያጸናው አብሮ በመኖር ምክንያት ነው፤ ሴቶቹ ራሳቸው የእኛ ምርጫ ነው ብለው የሚሟገቱለትን ልማድ በሴቶች እኩልነት ስም ማገድ አይቻልም ሲል በግልጽ ጽፏል። ስለ መጋረድና ስለ ሴት ነፃነት እዚህ አገር በተነሣ ቁጥር ይህ የፍርዱ ክፍል ሲጠቀስ አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

በ2023 ተራው የአባያ ሆነ። የትምህርት ሚኒስቴሩ እገዳውን ባወጀበት ዓመት በመጀመሪያው የትምህርት ቀን 298 ልጃገረዶች አባያ ለብሰው እንደመጡና 67ቱ አንቀይርም ብለው ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ ራሱ መንግሥት አስታውቋል። ሻርፑ ሲከለከል ረጅሙ ቀሚስ መጣ፤ ረጅሙ ቀሚስ ሃይማኖታዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ደግሞ በሩ ላይ የቆመ ሠራተኛ ሊወስን ነው። ከአንድ ሱቅ የተገዛ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው የመጡ ሁለት ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ካልሆነ በምን ሊለዩ ይችላሉ? ብሪያን የፈሩት ይህንኑ ነበር።

በምኖርበት የፓሪስ ዳርቻ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። ማለዳ ልጃገረዶቹ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ መጠለያው ሥር ቆም ብለው፣ የእጅ ስልካቸውን መስታወት አድርገው መርፌ ቁልፉን ይፈታሉ፤ ሻርፑን አራት ላይ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ደልድለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ማታ ሲወጡ እዚያው ቦታ መልሰው ይከናነቡታል። ከመካከላቸው የአንዷ እናት ጎረቤቴ ናት፤ የደሴ ልጅ ነች። «ልጄ ራሷ አስባ ብትተወው አልጫናትም ነበር፤» አለችኝ አንድ ቀን፤ «የሚከፋኝ በየማለዳው ጥፋት እንደሠራ ሰው እያየችኝ መሄዷ ነው።»

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሑድ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ራሴን ተከናንቤ ባቡር ስሳፈር ሰዎች ጥለቱን አይተው ያደንቃሉ፤ በእጅ የተሠራ ነው ወይ፣ ከየት ነው የሚመጣው ብለው በትሕትና ይጠይቁኛል። ጎረቤቴን በዚያው ባቡር የሚያናግራት ሰው የሚጠይቃት ግን ባልሽ ነው ወይ የሚያስለብስሽ እያለ ነው። እኔን ባልሽ አስገድዶሽ ነው ወይ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያኔ ግን ሴት ስትጸልይ ራሷን እንድትሸፍን የምታስተምረው ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ይዛ ነው፤ ሥርዓቱም ከጎረቤቴ ሥርዓት ያነሰ ትእዛዝ የለበትም። የእኔ እንደ ባህል፣ የእርሷ እንደ ጭቆና የሚታየው በራሳችን ላይ ያለው ጨርቅ ስለተለያየ አይደለም። የእርሷን ለማየት የሚነሡት ዓይኖች አስቀድመው ሌላ ታሪክ ሰምተዋል።

ግዴታ የለም ማለቴ አይደለም። አባት ወይም ወንድም ስላስፈራራት ብቻ የምትሸፈን ልጅ በዚህ አገርም ትኖራለች፤ ለእርሷ የሚቆም መምህርና ሕግ ያስፈልጋል። በሳዑዲ ክርስቲያን የሆኑ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ሳይቀሩ ለብዙ ዓመታት ያለ አባያ ደጅ መውጣት አይችሉም ነበር። በኢራን እ.ኤ.አ. በ1936 ንጉሡ ሬዛ ሻህ መጋረድን ሲያግድ ፖሊስ በየመንገዱ የሴቶችን ልብስ ይገፍ ስለነበር ብዙዎቹ ከቤት መውጣት አቆሙ፤ ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ መሸፈን ግዴታ ሆኖ፣ ማህሳ አሚኒ የምትባል ወጣት በ2022 በሥነ ምግባር ፖሊስ እጅ እያለች ሞተች። ያኔ ምዕራባውያን ከኢራን ሴቶች ጎን መቆማቸው ትክክል ነበር። የማዝነው አስገድዶ ማልበስ በደል መሆኑን እንዲህ አጥርቶ ያየ ሕዝብ፣ አስገድዶ ማስወለቅን ሲያይ ነፃ ማውጣት ብሎ መቀበሉ ነው።

አገር ቤት ከዚህ የተሻልን ነን ብዬ ለመናገር እወድ ነበር፤ በከፊልም እውነት ነው። ጎረቤቴ እንደምትነግረኝ፣ ደሴ ላይ ለቅሶ ቤት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ክርስቲያንና ሻርፕ የተከናነበች ሙስሊም ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ከአንድ ቤት የወጡ እህትማማቾችም ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዚህ የሚደነቅ የለም። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ተማሪዎች ሂጃብ ለብሳችሁ አትገቡም ተብለው ከመማሪያ ክፍል ውጭ ቀሩ፤ ከመቶ የሚበልጡት ልጆች ለብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ ቀኑ አለፈባቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላውን ለጊዜው የሚያግድ ትእዛዝ የተሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ለልጆቻችን መብት ስንከራከር የምናነሣው ክርክር አክሱም ላይ በተመሳሳይ ቃል ይሠራል፤ ክልከላውን ያወጡት የእኛው የእምነት ወገኖች መሆናቸው አንደበታችንን ሊይዘው አይገባም። በፓሪስ፣ በሮምና በዋሽንግተን ያለን ክርስቲያን ኢትዮጵያውያን እናቶች ከሙስሊም እህቶቻችን ቀድመን ልንጠይቅላቸው የሚገባው፣ ልጆቹ ራሳቸውን እንደተሸፈኑ ክፍል እንዲገቡና ያለፋቸው ትምህርት እንዲካካስላቸው ነው።