ከእኩለ ሌሊት በፊት 5 ዶላር

ትናንት ማታ ጋደም ከማለቴ ስልኬ ጮኸ። «ወዳጄ፣ እባክህ! እስከ እኩለ ሌሊት 5 ዶላር ካልላክህ አለቀልን» ይላል። ባለቤቴ ነቃች።

«ማነው በዚህ ሰዓት?»

«ሴናተር ለመሆን የምትወዳደር ሴትዮ ናት።»

«ስልክህን ማን ሰጣት?»

ለዚህ መልስ የለኝም። ሴትዮዋ የምትወዳደርበትን ግዛት በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም። እኔ ኑሮዬ ቨርጂኒያ ነው። ደግሞ እኩለ ሌሊት ትላለች! እኩለ ሌሊት ማለት እኛ ሰርግ አዳራሽ ገና መኪና ማቆሚያ የምንፈልግበት ሰዓት ነው።

ሰርግ ካልኩ አይቀር፣ «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። እናቴ ቤት ድግስ ካለ በርበሬው ከወር በፊት ይቀነጠሳል። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ ሰሌን ላይ ይሰጣል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሰፈሩ በሙሉ ሲያስነጥስ ይከርማል። እናቴ የምርጫ ዘመቻ ብትመራ ኖሮ፣ 4 ቀን ሲቀረው ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሳ 5 ዶላር አትለምንም ነበር።

ፈረንጆቹም ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ዴሞክራት ሴት ዕጩዎችን የሚደግፍ፣ በ1985 የተመሠረተ ኤሚሊስ ሊስት የሚባል ድርጅት አለ። ኤሚሊ የምትባል ሴት ግን የለችም። ስሙ «ቀድሞ የገባ ገንዘብ እንደ እርሾ ነው» ከሚል አባባል የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። እርሾ! እኛስ መነሻ ገንዘብን እርሾ አይደል የምንለው? ምጣዱ ከጋለ በኋላ እርሾ ፍለጋ ጎረቤት የተላከ ልጅ፣ ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው እኔን ጠይቁኝ።

እዚህ ቨርጂኒያ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው 45 ቀን ቀደም ብሎ ነው። እኔ ከሰጠሁ ሳምንታት አልፈዋል። የቴሌቪዥን ማስታወቂያም ቢሆን ጥሩ ጥሩው ሰዓት ቀድሞ ተሸጧል። በመጨረሻዎቹ 60 ቀናት ጣቢያዎቹ ዕጩዎችን በዝቅተኛው ዋጋ እንዲያስተናግዱ ሕጉ ያስገድዳል፤ ሰዓቱ ከተያዘ ግን ቅናሹ ምን ይሠራል?

ብዙ ገንዘብ ቢሆንስ? በ2020 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ለሴናተርነት የተወዳደረው ዴሞክራቱ ጄሚ ሃሪሰን በ3 ወር ብቻ 57 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ሊንዚ ግራሃም በ10 የመቶኛ ነጥብ ቀጣው። ኬንታኪ ላይም ዴሞክራቷ ኤሚ ማክግራዝ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰብስባ፣ ሪፐብሊካኑ ሴናተር ሚች ማኮኔል ወደ 20 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ረታት። የእኔ 5 ዶላር እዚያ መሀል ገብታ ምን እንድታደርግ ነው?

ይሄ «ሊዘጋ ነው» የሚሉት ነገር ድሮም አይመቸኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ሊገዛ ገንዘብ ሲሰበስብ፣ እኔ 3 ዓመት ሙሉ በየወሩ 30 ዶላር ከሒሳቤ ሲቆረጥ ኖሬያለሁ። የገቢ ማሰባሰቢያው ዕለት አስተባባሪው «ሊዘጋ ነው! ሊዘጋ ነው!» ሲል፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከኋላ ብድግ አለና «2000 ዶላር!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አቅፈው የሳሙትም ነበሩ። ይኸው 2 ዓመት አለፈው፣ አንዲት ዶላር አልከፈለም። ሒሳብ ያዟ ልጅ «ጋሼ፣ ያቺ ቃል የገቡባት…» ስትለው ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። አሁንም የፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው! እኔ እልልታ ፈልጌ አይደለም። ግን በ3 ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ?

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሴትዮዋ። የሰፈር ምርጫ ቢሆን እኮ ነገሩ ሌላ ነው። ለትምህርት ቤት ቦርድ የሚወዳደር ጎረቤትህ በመጨረሻው ሳምንት 50 ዶላር ብትሰጠው በራሪ ወረቀት ያሳትምባታል። ራሱ ደውሎም ያመሰግንሃል። እሷ ግን ሚሊዮኖቹ ላይ ተቀምጣ የእኔን 5 ዶላር…

ለማንኛውም ላክሁላት። እኩለ ሌሊት ሊሆን 4 ደቂቃ ሲቀረው። አትፍረዱብኝ፣ «ሊዘጋ ነው» ስትሉኝ እኔም ሰው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ደረሰኙ መጣ። ቀድማ ምልክት የተደረገባት ትንሽዬ ሳጥን ነበረች ለካ፤ አላየኋትም። «5 ዶላር፣ በየወሩ» ይላል።

ምርጫው ማክሰኞ ነው።