ራሱ የሚቆልፍ መኪና

እኔ ዘረኛ አይደለሁም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነጭን ያንበረከከ ሕዝብ ልጅ እንዴት ዘረኛ ይሆናል ብዬ፣ ጉዳዩን ሳልመረምር ፋይሉን ዘግቼ ነው የኖርኩት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ሁዲ ያጠለቀ ጥቁር ልጅ ከፊታችን መሻገር ጀመረ። ቋ! አለ የበሩ ቁልፍ።

«አባዬ፣ ለምን ቆለፍከው?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው የ16 ዓመት ልጄ።

«መኪናው ነው። ራሱ ነው የሚቆልፈው።»

ዝም አለ። ቀጣዩ መብራት ላይ ሁለት ነጮች ጥጃ የሚያክል ውሻ እየጎተቱ (እንዲያውም ውሻው እየጎተታቸው) ተሻገሩ። ልጄ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ቁልፉ ጭጭ።

«መኪናው ነጭ ይወዳል ማለት ነው?»

እዚህ የተወለደ ልጅ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም። ስለ «ጥቁሮቹ» ያስተምረኝ ጀመር። (እኛ እንደዚያ ነው የምንላቸው። እኛማ ጠይም ነን፣ ቀይ ዳማ ነን፣ የብስል ቀይ ነን፤ ጥቁር የሚባል ሰው ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም።) ኦባማ ሴናተር ሳይሆን በፊት መንገድ ሲሻገር የመኪና በር ሲቆለፍ ይሰማ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2013 ተናግሯል አለኝ። ኦባማ! የተመረጠ ለት በእልልታ ጎረቤት የቀሰቀስኩለት ሰውዬ! ያኔ በፊቴ ቢያልፍ ግን ይቺ ጣቴ አትምረውም ነበር። ልጁ አላበቃም። ለእኛ ዓይነቱ ስደተኛ አሜሪካን የከፈተው እ.ኤ.አ. የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ የእነሱ የመብት ትግል ገፍቶ ያመጣው ነው አለ። «እነሱ በር ከፈቱልህ፣ አንተ ትቆልፍባቸዋለህ።»

ቅርጫት ኳስ ሜዳው ጋ እስክንደርስ ሬዲዮ ከፍ አድርጌ ነዳሁ።

ልጄ ነጠላውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተወና ሁዲውን ከነቆቡ አጥልቆ ወረደ። ዳር የቆመች አንዲት ቶዮታ አጠገብ ሲደርስ፣ ቋ!

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ውስጥ ያለችው ሴትዮ እንደኛው ነጠላ ለብሳለች። መስታወቷ ላይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ደሜ ፈላ። መስኮቴን አውርጄ፣ «እህቴ፣ ምን ነካሽ? ሐበሻ እኮ ነው! ልጄ ነው!» አልኳት።

«ውይ፣ በሞትኩት!» አለች ደረቷን ይዛ። «ጥቁር መስሎኝ እኮ ነው።»