መፍረሱን ያሳምርልን

ባለፈው ሳምንት ፋይል ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። የቢሮውን ስም አልናገርም፤ እናንተም ሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ወረቀቴን እንደ ትኩስ ምጣድ በሩቁ አየችውና "ከምርጫው በኋላ ተመለስ" አለችኝ። የቱ ምርጫ? ቀን እንኳ አልተቆረጠለትም እኮ! "መንግሥቱ ሊፈርስ ነው እየተባለ አይደል እንዴ" አለችና ቡናዋን ፉት አለች።

እስራኤል የሚኖር ሰው ሁለቱን መልሶች በቃሉ ያውቃቸዋል። ወቅቱ ሮሽ ሐሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) አካባቢ ከሆነ "ከበዓላት በኋላ"፣ ሌላው ጊዜ ሁሉ "ከምርጫው በኋላ"። በመካከል የሚተርፉትን ሦስት ሳምንታት ደግሞ ልጅቷ ፈቃድ ትወጣባቸዋለች።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ የመንግሥትን መፍረስ ጸጋ ሳላውቅ መቅረቴ ያሳፍራል።

ስለዚህ ዛሬ አመስጋኝ ሆኜ መጥቻለሁ። ሌላው አገር መንግሥት ይሠራል። መንገድ ይቀይሳል፣ በጀት ያጸድቃል፤ ይኸ ማንም የሚችለው ነገር ነው። ማፍረስ ግን ሙያ ይጠይቃል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2019 ኤፕሪል እስከ 2022 ኖቬምበር፣ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ አምስት ጊዜ መርጠናል (መንግሥት በማፈራረስ የታወቁት ጣልያኖች ይቅር ይበሉን)። በመጀመሪያው ዙርማ መንግሥቱ እስኪመሠረት የጠበቀም የለም። ክኔሴቱ፣ ማለትም ፓርላማው፣ ቃለ መሐላ ከፈጸመ ወር ገደማ ሲሆነው 74 ለ45 በሆነ ድምፅ ራሱን በተነ። ሳይሠሩ ማፍረስ! እንዲህ ያለ ግንበኛ የት አይታችኋል?

ደግሞ የምርጫ ቀን ሥራ የለም። አምስት ምርጫ፣ አምስት የዕረፍት ቀን። ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ገብተህ ፊደል የታተመባትን ብጣሽ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከተት ታደርጋለህ፣ ከዚያ ሥጋህንና ከሰልህን ይዘህ ወደ ፓርክ ነው። ጭሱን ያየ የነፃነት በዓል ይመስለዋል። በአምስቱ ምርጫዎች ከተገባልን ቃል ሁሉ በእርግጠኝነት በልተን ያየነው ይኸን ጥብስ ነው፤ እሱንም የገዛነው እኛው ነን።

የሙያው ምሥጢር ስልሳ አንደኛው ሰው ነው። 120 ወንበር አለ፤ 61 የያዘ ይገዛል። አገሪቱ ከተመሠረተች ጀምሮ ለብቻው 61 ያገኘ ፓርቲ ስለሌለ መጠማመር ግድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህ ግን ድሩ እርስ በርሱ ሲተበታተብ አንበሳው ቁጭ ብሎ ያያል። ስልሳዎቹን ማን ያውቃቸዋል? ይመጣሉ፣ እጅ ያወጣሉ፣ ይሄዳሉ። ስልሳ አንደኛው ግን ሲያስነጥሰው ሦስት ሚኒስትር "ይማርህ" ይለዋል። ትናንት ጎረቤቱ እንኳ ስሙን የማያውቀው ሰውዬ ዛሬ ስልኩን ካጠፋ ዜናው በግማሽ ሰዓት ይረዝማል። የሕሊናው አነቃቅማ ይለያል። ሃምሳኛ ሆኖ ለዓመታት ሲያንኮራፋ የኖረ ሕሊና ልክ ስልሳ አንደኛ የሆነ ዕለት ደንግጦ ይነሳል። ምክትል ሚኒስትርነት ሲያሸቱት ደግሞ ተመልሶ ድብን ይላል።

በ2021 ጁን 13 የተመሠረተውን መንግሥት አስታውሱት። ስምንት ፓርቲ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ መሀል፣ የአረብ ፓርቲ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ድምፁ 60 ለ59፣ አንድ የራሳቸው ሰው ድምፀ ተአቅቦ። በእንዲህ ዓይነት ክር የተንጠለጠለ መንግሥት በምን ይናጋል? በጦርነት? በኑሮ ውድነት? በዳቦ ነው የተናጋው። በአይሁድ ፋሲካ እርሾ ስለማይበላ፣ በዓሉ ሲደርስ እርሾ የነካው ነገር ሆስፒታል ይግባ አይግባ ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሳ። በዚያው መሀል፣ በ2022 ኤፕሪል 6፣ የጥምረቱን ድምፅ እንድትሰበስብ የተሾመችው እንደራሴ ራሷ ጥላ ወጣች። እረኛዋ ስትሄድ ነገሩ 60 ለ60 ሆነ። ሌላም ምክንያት ነበራት፣ እሱን ልተወው፤ እኔን የያዘኝ ዳቦው ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሊጥ ስታቦካ አንድ መንግሥት የሚያህል ነገር በእጇ እንደያዘች ሳታውቀው ኖረች። ለነገሩ በ1976ም የጠቅላይ ሚኒስትር ይጽሐቅ ራቢን መንግሥት የወደቀበት ጠብ የተጫረው፣ አዳዲስ ኤፍ-15 አውሮፕላኖች ዓርብ ሰንበት ሊገባ ሲል ስለደረሱ ነው። አውሮፕላንና ዳቦ፣ ሁለቱም በሰዓቱ ካልሆነ ያጣላል።

የኔ ተወዳጅ ግን ይኸ አይደለም። የኔ ተወዳጅ እቁቡ ነው።

በ2020፣ ከሦስተኛው ምርጫ በኋላ፣ ኮሮና ቤት ዘግቶብን ሳለ፣ ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ የከረሙ ሁለት ወገኖች የጠቅላይ ሚኒስትርነት እቁብ ገቡ። አንዱ 18 ወር፣ ሌላው 18 ወር። ዕጣ እንኳ አልወጣም። አንደኛው "እኔ ልቅደም" አለ፣ ሁለተኛው "እሺ" አለ። እቁብ የምታውቅ ሴት እዚህ ላይ ጮኻ ትነሳለች። የመጀመሪያውን ዕጣ የሚበላ ሰው ዋስ ይጠራ! እኛ ሰፈር አንዱ የመጀመሪያውን ዕጣ በልቶ ቢጠፋ ሴቶቹ ሃይፋ ድረስ ሄደው ከሥራ ቦታው ነው ያመጡት፣ ያውም ከነቱታው።

እነዚህ ግን ሞኞች አይደሉም፣ ዋስ ጠርተዋል። ዋሱ የአገሪቱ መሠረታዊ ሕግ ነው። ሁለት ሰው ስላልተማመነ ሕጉ ተሻሻለና "ተለዋጭ ጠቅላይ ሚኒስትር" የሚባል ወንበር ተፈጠረ። የእቁቡ አባላት እንዳይከፋቸው ከ30 በላይ ሚኒስትር ተሾመ። ወንበር ሲያጥር ደግሞ ከፍተኛ ትምህርትንና የውሃ ሀብትን አንድ ላይ አስረው አንድ ሚኒስቴር አበጁ። ተማሪውን ከቧንቧው ምን አገናኘው አትበሉ፤ ሰው ወንበር ይፈልጋል።

ዋሱ ጠንካራ ነበር፣ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረችው። መንግሥቱ የሚወድቀው በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ከሆነ ወንበሩ ለባለ ተራው አይተላለፍም። በእቁብ አማርኛ ልንገራችሁ፦ እቁቡ የሚፈርሰው ቡና ሳይፈላ ቀርቶ ከሆነ የበላው እንደበላ ይቀራል። እንግዲህ ጀበናው ማን እጅ ላይ እንደነበር ገምቱ።

እሑድ መጣ፣ ቡና የለም። ከሰል አልቋል። በሚቀጥለው እሑድ ከሰሉ ተገኘ፣ ቡናው አልተለቀመም። ከዚያ ተለቀመ፣ ግን የአንድ ዓመት ይፈላ ወይስ የሁለት ዓመት? (ይኸኛው ቀልድ አይደለም። በጀቱ የአንድ ዓመት ይሁን የሁለት ዓመት በሚል ነው ወራት የተጨቃጨቁት።) ኦገስት ላይ ጀበናው ሊሰበር ሲል ሽማግሌ ገብቶ 120 ቀን ተራዘመ። ባለ ተራው ጥግ ላይ ሲኒውን ይዞ ይጠብቃል። ፈንዲሻው ተበልቶ አለቀ። ዕጣኑ ጨሶ አለቀ። ጎረቤት "ቡና ጠርታችሁን አልነበር?" እያለ ብቅ ይላል፣ "ይኸው ልትፈላ ነው" ይባላል። ባለ ተራው አሁንም ሲኒውን ይዟል፤ እንዲያውም ቀዘቀዘብኝ ይላል፣ ባዶውን! ዲሴምበር 23 ሊገባ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑ አለፈ፣ ክኔሴቱ በራሱ ጊዜ ተበተነ፣ እቁቡም ፈረሰ። ሰባት ወር ነው የቆየው። አገሪቱ ከ2018 ማርች በኋላ የጸደቀ በጀት ያየችው በ2021 ኖቬምበር ነው። ባለ ዕቃው ሲኒውን መልሶ ይውሰድ።

ከእቁቡ ቀጥሎ የማደንቀው ሰው ባለ መርሁን ነው። ባለ መርህ ማለት የሚወደውን ሕግ ጠላቱ ካቀረበው የሚጥል ሰው ነው። በ2022 ጁን 6 ዌስት ባንክ ያሉ ሰፋሪዎች በእስራኤል ሕግ እንዲዳኙ የሚያደርገው፣ በየአምስት ዓመቱ ሲታደስ የኖረው ደንብ ለድምፅ ቀረበ። ደንቡን ከማንም በላይ የሚፈልጉት ተቃዋሚዎች ተቃወሙት። ከማንም በላይ ሊከፋቸው ከሚገባው ከመንግሥቱ ወገን ደግሞ ብዙዎቹ እያቃሰቱ ደገፉት። 58 ለ52 ወደቀ። መድኃኒቱስ? ክኔሴቱ ከተበተነ ደንቡ በራሱ ይራዘማል። እናም ጁን 30 ላይ 92 ለ0 ተበተነ። ምግቡ እንዳይበላሽ ማድ ቤቱን ማቃጠል ማለት ይኸ ነው።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። ያ ቢሮ ይዤው የሄድኩት ፋይል የጎረቤቴ የእማማ እህት ነው። እህታቸው ጎንደር ናቸው። ወደ እስራኤል ለመግባት ይጠብቃሉ። እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች አሉ። በ2013 ኦገስት "የመጨረሻው አውሮፕላን" ተብሎ ተጨበጨበ። በ2015 ኖቬምበር ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች ይመጣሉ ተብሎ ተወሰነ፣ ከወራት በኋላ ገንዘብ የለም ተባለ። ገንዘቡ መቼ ተገኘ? በ2016፣ ጥምረቱ 61 ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ሁለት የገዢው ፓርቲ ሰዎች፣ አንዱ ኢትዮጵያ የተወለደ የእኛው ልጅ፣ ድምፅ አንሰጥም ብለው እምቢ ሲሉ። ስልሳ አንደኛውን ሰው ስሸረድድ ቆይቼ ይኸን ብደብቅ ነውር ነው። ያኔ የተሰማው ግን የእኛ ልቅሶ አይደለም፣ ቁጥሩ ነው። በሜይ ሌላ ፓርቲ ገብቶ ጥምረቱ ሲደልብ ጆሮውም አብሮ ደለበ። በ2022 ጁን መጀመሪያ እንደገና አውሮፕላን መጣ፤ በዚያው ወር 20 ላይ መንግሥቱ ሊፈርስ ነው ተባለ። ኢትዮጵያ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ፕኒና ታመኖ-ሻታ ከ2020 ጀምሮ በሁለት መንግሥታት የዓሊያ (ወደ እስራኤል የሚመጡ አይሁዶች ጉዳይ) ሚኒስትር ሆና ሁለቱም ከሥሯ ፈረሱ። የሚመጣው ሹም ሁሉ ታዲያ አንድ ቃል አለው፤ "ፋይሉን ላጥናው።" ፋይሉ ሰው ነው እኮ! ያረጃል። ይታመማል። እናንተ ስታጠኑት ይሞታል፣ እህቱ እዚህ ሆና በስልክ ትረዳለች።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በ2025 ጁላይ ደግሞ ሙያው አዲስ ደረጃ ላይ ደረሰ። አንድ ፓርቲ ሚኒስትሮቹን ከመንግሥት አስወጣ፣ ከጥምረቱ ግን አልወጣሁም አለ። ከሚስቱ ተኳርፎ ሳሎን የሚተኛ ባል ታውቁ የለ? ፍቺ የለም፣ እርቅ የለም፣ ምሳ ግን ይቀርባል።

ማታ ላይ ፋይሉን ይዤ እማማ ቤት ወጣሁ።

"ምን አሉህ ልጄ?"

"ከምርጫው በኋላ አሉ፣ እማማ።"

አልተቆጡም። ግድግዳቸው ላይ ፎቶዎች አሉ። በየምርጫው ሰሞን ካሜራ አስከትለው የመጡ እንግዶች ከእማማ ጋር የተነሱት ነው። ስማቸውን አያውቁትም፣ በበሉት ነው የሚለዩአቸው። ይኸ እንጀራውን በሹካ የበላው፣ ይኸ ቃሪያው አቃጥሎት ያለቀሰው፣ ይኸኛው ሦስት ጊዜ አስጨምሮ "እህትሽን በሚመጣው ዓመት" ያለው፣ ይኸ ደግሞ ጠላ ቀምሶ እስክስታ ካልወረድኩ ያለው። እማማ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እንግዲያ ሊመጡ ነዋ" አሉ። "ባለፈው ያነሰኝ ዱቄቱ ነበር። ነገ ጤፍ ግዛልኝ።"

"ስንት ኪሎ?"

ትንሽ አሰቡ።

"ስልሳ አንድ ናቸው አላልከኝም?"